ሰባተኛው ኢንዴክስ ሰነድ ይኑረው፦ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ፦
ሰላም አባላት። ባለፈው ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰው። ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ የኢንዴክስ ኤክስቴንሽኖች (ረድፍ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ ለሚጨምሩ ተጫኝ ቅጥያዎች) ሰነድ እናዘጋጅ በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል። ሰነዱ ምን ይምሰል ሲባል ግን አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ተለያየን። ሐሳባችሁን ጻፉ፤ እኔ ወደ አንድ ፕሮፖዛል እሰበስበዋለሁ።

መነሻ እንዲሆነን ልጀምር። ፖስትግሬስ ስድስት ዓይነት ኢንዴክስ አብሮት ይመጣል፦ ቢ-ትሪ፣ ሀሽ፣ ጊስት፣ ኤስፒ-ጊስት፣ ጂን እና ብሪን። የእነዚህ ሰነድ አይታማም። ከ2016 ወዲህ፣ ማለትም ከ9.6 ጀምሮ፣ ማንም ሰው የራሱን ሰባተኛ ኢንዴክስ ጽፎ እንደ ኤክስቴንሽን መጫን ይችላል። «ክሪኤት አክሰስ ሜተድ» የሚባለው ትዕዛዝ የመጣው ያኔ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሰባተኛው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሰነዱን ይዞ አይመጣም። አንድ ገጽ ሪድሚ ይኖረዋል። እንዴት እንደሚጫን ይነግረናል፣ አንድ የ«ክሪኤት ኢንዴክስ» ምሳሌ ያሳየናል፣ ከዚያ ስለ ፍጥነቱ ይፎክራል። በቃ።

የእኔ ሐሳብ አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅተን በጥቂት ኤክስቴንሽኖች ላይ እንሞክረው የሚል ነው። ቅጹ ውስጥ ምን ይግባ?

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
እህቴ፣ ቅጹ ጥሩ ነው። ግን ከቅጹ በፊት አንድ ነገር እንለይ። «የራስ ኢንዴክስ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያደባለቅን ነው።

አንደኛው በነባር ኢንዴክስ ላይ አዲስ ኦፕሬተር ክላስ፣ ማለትም ኢንዴክሱ አንድን የዳታ ዓይነት በየትኞቹ ኦፕሬተሮች እንደሚያስተናግድ የሚነግር ትርጓሜ፣ መጨመር ነው። ፖስትጂአይኤስ ካርታውን በጊስት ላይ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። ፒጂ-ትራይግራምም ጽሑፍን በሦስት በሦስት ፊደል ከፋፍሎ በጂን ወይም በጊስት ላይ ይሠራል። እዚህ ጸሐፊው የሚጽፈው ጥቂት ፋንክሽን ነው። ለጊስት ከሆነ የግድ የሚሉት አምስት ናቸው፦ ኮንሲስተንት፣ ዩኒየን፣ ፔናልቲ፣ ፒክስፕሊት እና ሴም። ገጽ መቆለፉን፣ ከክራሽ መነሳቱን፣ ቫኪዩሙን (የሞቱ ረድፎችን ማጽዳቱን) ጊስት ራሱ ይሸከምልሃል።

ሁለተኛው ሙሉ አክሰስ ሜተድ፣ ማለትም ራሱን የቻለ አዲስ የኢንዴክስ ዓይነት ነው። ብሉም የሚባለው ኤክስቴንሽን እንዲህ ነው። ቬክተሮችን (የቁጥር ዝርዝሮችን) የሚፈልገው የፒጂቬክተር ኤክስቴንሽን ኢንዴክስ፣ ኤችኤንኤስደብሊውም እንዲሁ። እዚህ የሚሸከምልህ የለም። ኢንዴክሱን መገንባት፣ ረድፍ ማስገባት፣ የሞተ ረድፍ ማጽዳት፣ ወጪ መገመት፣ ሁሉንም ራስህ ትጽፋለህ። አንዷን ከረሳህ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ጽፌ ስላየሁት ነው የምናገረው። የራሴ የመጀመሪያ ሙከራ ላይ ባዶ ኢንዴክስ የሚገነባውን ፋንክሽን እንዲሁ በባዶው ትቼው ነበር። ለሎግ-አልባ፣ ማለትም ለውጡ ሎግ ላይ ለማይመዘገብ ሰንጠረዥ ብቻ የሚጠራ ነገር መሆኑን አላወቅኩም። የራሴ ሙከራ ስለነበር ማንንም አልጎዳሁም እንጂ!

ስለዚህ የቅጹ የመጀመሪያ መስመር «ይህ ከሁለቱ የትኛው ነው?» የሚል ይሁን።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪው፦
ልጆች፣ እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ኢንዴክሱ ምን እንደሚችል ጸሐፊው ሳይጠየቅም ይነግረኛል። ምን እንደማይችል ይንገረኝ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ሥሪት 10 ሳይወጣ፣ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ላይ የሀሽ ኢንዴክስ ሠራሁ። ዋናው ሰርቨር ላይ ፈጣን ነበር። ሬፕሊካው፣ ማለትም የዋናው ቅጂ የሆነው ሰርቨር ላይ ግን ያው ጥያቄ ያለውን ረድፍ የለም ይል ጀመር። ኔትወርኩን ፈተሽኩ፣ ዲስኩን ፈተሽኩ፣ ፕሮግራመሮቹን አስጨነቅኩ። በመጨረሻ ሰነዱን ከፈትኩ። ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ያኔ የሀሽ ኢንዴክስ ለውጡን ወደ ዋል፣ ለውጦች አስቀድመው ወደሚመዘገቡበት ሎግ፣ አይጽፍም ነበር። ዋል ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ሬፕሊካ አይደርሰውም፤ ከክራሽም አይተርፍም። አትጠቀሙበት ይል ነበር ሰነዱ። በሥሪት 10 ተስተካከለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አላነበብኩም። ሰነዱ ግን ታማኝ ነበር። የራሱን ኢንዴክስ አትጠቀሙበት ብሎ የሚጽፍ ስንቱ ነው? እኔ ከኤክስቴንሽን ሰነድ የምጠብቀው ይህን ነው። እና ከላይ ይጻፍ። እንደ እኔ ያለው ሰው እስከ ታች አያነብም።

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምርበት። «ዋል ይጽፋል» ማለት ብቻ አይበቃም፣ እንዴት እንደሚጽፍም መነገር አለበት። በጄነሪክ ዋል፣ ፖስትግሬስ ራሱ በሚያውቀው የጋራ የመዝገብ ዓይነት፣ የሚጽፍ ከሆነ፣ ብሉም እንደሚያደርገው፣ ሰርቨሩ የኤክስቴንሽኑ ላይብረሪ ባይኖርም መዝገቡን መልሶ ማጫወት ይችላል። ከሥሪት 15 ወዲህ ግን ኤክስቴንሽን የራሱን የዋል ዓይነት ማስመዝገብ ይችላል። ያኔ ላይብረሪው ሰርቨሩ ሲነሳ አብሮ መጫን አለበት፣ ሬፕሊካውም ላይ ጭምር። ካልሆነ ሪከቨሪው መሃል ላይ ይቆማል። ይህን ሌሊት ላይ ከማወቅ ከሰነድ ማወቅ ይሻላል።

አዲሱ አባል፦
ይቅርታ፣ የጀማሪ ጥያቄ ነው። ብሉምን ስሞክር ኤክስፕሌይን (ጥያቄው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ «ሪቼክ» የሚል መስመር አየሁ፤ ኢንዴክሱ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ መልሼ ሠራሁት። ምን ማለት ነው?

አርታኢዋ፦
ጥሩ ጠየቅክ። ሰነዱ ላይ ያለው ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ብሉም የእያንዳንዱን ረድፍ ዋጋዎች አንድ ላይ ጨምቆ አጭር ፊርማ ያደርጋቸዋል። ካልቀየርከው 80 ቢት ነው። ሁለት የተለያዩ ረድፎች ተመሳሳይ ፊርማ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ኢንዴክሱ «ምናልባት ይሄ ነው» ብሎ ያመጣል፤ ፖስትግሬስ ወደ ሰንጠረዡ ሄዶ እውነተኛውን ዋጋ አይቶ ያጣራል። ሪቼክ ያ ነው። አልተበላሸም። ውጤትህ ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ኤችኤንኤስደብሊውን እይ። እሱም «ትክክለኛ አይደለም» ይባላል። ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቅርብ የሆኑ ቬክተሮችን በግምት ስለሚፈልግ መምጣት የነበረበትን ረድፍ ሊያስቀር ይችላል። ያስቀረውን ደግሞ ማጣራት መልሶ አያመጣውም። አንዱ ትርፍ ያመጣል፣ ሌላው ያስቀራል። ሁለቱን «ግምታዊ» በሚል አንድ ቃል ከጠራናቸው አንባቢውን ገደል ከተትነው ማለት ነው። እኔ «ትርፍ አምጪ» እና «አስቀሪ» ብንላቸው ደስ ይለኛል። ቃሉ ካልጣማችሁ ሌላ አምጡ፤ ልዩነቱ ግን ይቅር አትበሉኝ።

የፒጂቬክተር ሰነድ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል። ኢንዴክሱ አስቀድሞ ወደ 40 የሚጠጉ እጩዎችን ያመጣል፣ የ«ዌር» ማጣሪያህ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው ይላል። ማጣሪያህ ከረድፎቹ 10 በመቶውን ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ በአማካይ የምታገኘው 4 ረድፍ ነው። 10 ጠይቀህ 4! ይህን በቁጥር ያስቀመጠ ሪድሚ ብዙ አላየሁም። በ0.8.0 የጠየቅከው ብዛት እንዲሞላ እየደጋገመ የሚፈልግበት መንገድ ተጨምሯል፤ ግን ችግሩን ያላወቀ ሰው መፍትሔውን አይፈልግም።

አዲሱ አባል፦
አሁን ገባኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ከሁሉም በላይ ያደከመኝ ኢንዴክሱን ሠርቼ ፖስትግሬስ አለመጠቀሙ ነው።

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
የኦፕሬተር ሰንጠረዥ ስለሌለ ነው። ብሉም «እኩል ነው» የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ «ይበልጣል» ብለህ ብትጠይቀው ዞር ብሎም አያይህ። አብሮት የሚመጣው ኦፕሬተር ክላስም ለኢንቲጀርና ለጽሑፍ ብቻ ነው። ኤችኤንኤስደብሊው ደግሞ በርቀት ኦፕሬተር «ኦርደር ባይ» ካላልክና «ሊሚት» ካላደረግክ አይነሳም። እያንዳንዱ ሰነድ የትኛው ኦፕሬተር በየትኛው የዳታ ዓይነት እንደሚሠራ በሰንጠረዥ ያስቀምጥ። የማይሠሩት ጥያቄዎች ምሳሌም ይኑር።

ደግሞ የፍጥነት ንጽጽር አንድ ክፍል ይሰጠው።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪው፦
እሱን ተወው ወንድሜ። በሌላ ሰው ማሽን የተለካ ፍጥነት ለእኔ ተረት ነው።

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ሰው እኮ የሚመጣው ለፍጥነት ነው!

አስተባባሪዋ፦
ግራፉን ትተን መለኪያውን እንስጥ። አንባቢው በራሱ ዳታ ላይ የሚያስኬዳቸው ትዕዛዞች ይጻፉ። ኢንዴክሱ ለመሠራት ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ዲስክ ላይ ስንት ቦታ ያዘ፣ ረድፍ ማስገባትን ምን ያህል አዘገየ። ሦስተኛውን ማንም አይለካም፤ ዋጋው ያለው ግን እዚያ ነው። ይሄ ያስማማችኋል?

የዳታቤዝ አስተዳዳሪው፦
ያስማማል።

አርታኢዋ፦
ስለ ሥሪት እናውራ፤ አሰልቺ ነው ግን አይዘለልም። የፖስትግሬስ ዋና ሥሪት በየዓመቱ ይወጣል፣ እያንዳንዱ አምስት ዓመት ይደገፋል። ከሥሪት ሥሪት ደግሞ ኤክስቴንሽኑ የሚገባበት በር ይለወጣል። በ14 ረድፍ ለሚያስገባው ፋንክሽን አንድ ተጨማሪ ነገር ተሰጠው፤ በ17 ከማስገባት በኋላ የሚያጸዳ አዲስ ፋንክሽን መጣ። ስለዚህ በየትኞቹ ሥሪቶች እንደተሞከረ ይጻፍ።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላም አለ። አዲሱን ፓኬጅ ስትጭን የሚቀየረው የላይብረሪ ፋይሉ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያሉት ትርጓሜዎች «ኦልተር ኤክስቴንሽን አፕዴት» እስክትል ድረስ አሮጌዎቹ ናቸው። ወደ አዲስ ዋና ሥሪት በሚያሻግረው በፒጂ-አፕግሬድ ስትሄድ ደግሞ የኢንዴክሱ ፋይል እንዳለ ነው የሚሻገረው፤ ዲስክ ላይ ያለው አቀማመጥ ተለውጦ ከሆነ ሪኢንዴክስ (ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት) የግድ ነው። ዳታቤዙን ወደ ትዕዛዝ ፋይል በሚገለብጠው በፒጂ-ደምፕ ከሄድክ ነገሩ ሌላ ነው። ደምፑ ውስጥ ያለው የ«ክሪኤት ኢንዴክስ» ትዕዛዝ ብቻ ስለሆነ ኢንዴክሱ እንደ አዲስ ይሠራል። ኤክስቴንሽኑ የሌለበት ሰርቨር ላይ ከመለስከው ግን እዚያው ይወድቃል።

አዲሱ አባል፦
እና ኤክስቴንሽኑን ማጥፋት ብፈልግስ?

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
ኢንዴክስ ካለበት እምቢ ይልሃል። «ካስኬድ» ካልክ ኢንዴክሶቹን ይዞ ይሄዳል፤ እንደ ብሉም ኢንዴክስ ብቻ የሚያመጣ ከሆነ ዳታህ ሰንጠረዡ ውስጥ ስለሆነ አይነካም። እንደ ፒጂቬክተር የራሱን የዳታ ዓይነት ይዞ የመጣ ከሆነ ግን የዚያ ዓይነት ዓምዶችም አብረው ይጠፋሉ። ይህም አንድ መስመር ይገባዋል።

አስተባባሪዋ፦
እንግዲህ የፕሮፖዛሉ አካል ይህን ይመስላል፤ አርሙት።

«ማኅበሩ ለኢንዴክስ ኤክስቴንሽኖች አንድ ወጥ የሰነድ ቅጽ ያዘጋጃል። ሰነዱ በቅድሚያ ለተጠቃሚው እንጂ ለኮድ ጸሐፊው አይደለም። ኤክስቴንሽኑ ኦፕሬተር ክላስ ነው ወይስ አክሰስ ሜተድ የሚለው በመጀመሪያው መስመር ይመለሳል። ወዲያው ቀጥሎ ኢንዴክሱ የማይችለው ይጻፋል፦ ዋል፣ ሬፕሊካ፣ ትርፍ አምጪ ወይስ አስቀሪ። ከዚያ የኦፕሬተር ሰንጠረዥ፣ መለኪያ ትዕዛዞች፣ የተሞከረባቸው ሥሪቶች፣ ማሻሻልና ማጥፋት ይከተላሉ። ቅጹ በብሉምና በፒጂቬክተር ይሞከራል።»

የዳታቤዝ አስተዳዳሪው፦
«የማይችለው» የሚለው ከመጀመሪያው መስመርም በፊት ይሁን።

የኤክስቴንሽን ጸሐፊው፦
ጋሼ፣ ምን እንደሆነ ሳንናገር ምን እንደማይችል እንዴት እንናገር?

የዳታቤዝ አስተዳዳሪው፦
እሺ፣ ሁለተኛ ይሁን። ግን በደማቅ ፊደል።

አርታኢዋ፦
የብሉምን ረቂቅ እኔ እጽፋለሁ። ፈታኝ ግን ያስፈልገኛል፤ ሰነዱን ብቻ ይዞ ኢንዴክሱን የሚሠራ፣ ሰርቨሩን ሆን ብሎ መሃል ላይ የሚገድል፣ ከዚያ መልሶ የሚያነሳ ሰው። ከዚህ በፊት ያደረገው ሰው አይሆነኝም።

አዲሱ አባል፦
እኔ አለሁ። የሙከራ ሰርቨር አለኝ። ስቸገር ግን የማንን ስልክ ልያዝ?

አርታኢዋ፦
የማንንም። የተቸገርክበትን መስመር ቁጥር ጻፍልኝ፤ የማርመው እሱን ነው።