ዶርፐር ዲቃላው አውራ በጎቼን ማስረገዝ አቃተው፤ ልሽጠው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጠቦት እያስወለድኩ ለመሸጥ ብዬ 9 ጥቁር ራስ የሶማሌ እንስት በጎች ይዣለሁ። ከ4 ወር በፊት ግማሽ ዶርፐር (የደቡብ አፍሪካ የበግ ዝርያ) የሆነ አውራ ገዝቼ ቀላቀልኩባቸው። ቀኑን ሙሉ ሲከተላቸውና ሲወጣባቸው ይውላል፤ ያረገዙት ግን 2 ብቻ ናቸው። ያለኝን ገንዘብ ያፈሰስኩበት ነው። መካን ይሆን?

መልስ (ሐረር)፦ ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው! 2 ካስረገዘ መካን አይደለም። የከለከለው ላታቸው ነው። የአገራችን አውራ ላቱን ገፋ አድርጎ ማጥቃት ያውቅበታል፤ ከቀጭን ጭራ ዘር የመጣው ግን ይቸገራል። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ሰው አንገቷን ይያዝ፣ ሌላው ላቷን ወደ ጎን ይግለጥለት። የትኛዋ አውራ እንደፈለገች ለመለየት ቀይ አፈር በዘይት ለውሰህ ደረቱን ቀባው፤ የወጣባት ዳሌዋ ይቀላል። ከ17 ቀን ገደማ በኋላ ቀለሙን ቀይር፤ አዲሱ ቀለም የታየባት አልያዘችም ማለት ነው።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ አቦ፣ ሙቀቱንም አትርሱ! የአውራ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ 7 ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ የዛሬው ሐሩር ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው። ቀን ጥላና ውኃ አይለየው፣ ስሪያውን ማለዳና ምሽት አድርገው። ምን ትመግበዋለህ?

ጠያቂ፦ ገራባ (የጫት ትራፊ) ነው፤ አልፎ አልፎ የማሽላ አገዳ።

መልስ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ገራባ ብቻውን አያቆመውም። ፉርሽካና የኦቾሎኒ ፋጉሎ ጨምርለት። ጫቱ የተባይ መድኃኒት የተረጨ እንዳይሆን ደግሞ ሻጩን ጠይቅ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

መልስ (ሐረማያ)፦ እኔ ድቅሉን እወደዋለሁ። ዶርፐር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዶርሴት ሆርን ከጥቁር ራስ ፐርሺያ ጋር ተዳቅሎ የወጣ ነው፤ ፐርሺያ የሚሉት በግ ዘሩ የእኛው የሶማሌ ጥቁር ራስ ነው። በእናቱ ወገን ዘመዳችን ነው እንግዲህ! ብቻ የሚወለዱትን እንስቶች ለአባታቸው እንዳትሰጥ፤ ሳይደርሱ አውራውን ከጎረቤት ጋር ተለዋወጥ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከልቤ ነው። ዛሬ ማለዳ ከልጄ ጋር ሆነን አንዷን ላቷን ገልጠን አስጠቃናት፤ ወዲያው ሆነለት! ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ከያዘች በ5 ወሯ ትወልዳለች።