የ8 ሚሊሜትር ፊልም መቀጠያ፦ በሙጫ ወይስ በቴፕ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ሞረድ ያላት የድሮ የፊልም መቀጠያ አለች፤ በሙጫ ነው የምትሠራው። የተቀጠለው ፊልም ግን ፕሮጀክተሩ ውስጥ ሲገባ ይላቀቃል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ 1፦ ሞረዷ ለጌጥ አይደለችም። ሙጫው የሚይዘው ፕላስቲኩን እንጂ ምስሉ ያለበትን ሽፋን አይደለም። የሚደራረበውን ጠባብ መስመር ፕላስቲኩ ጥርት ብሎ እስኪታይ ፋቀው፣ ብናኙን በብሩሽ ጥረግ፣ ሙጫውን በስሱ ቀብተህ ወዲያው ክደነውና ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይቆይ። የቆየ ጠርሙስ ከሆነ ጣለው፤ የሚያሟሟው ፈሳሽ ተንኖ አልቋል።

መልስ 2፦ ከዚያ በፊት ፊልሙ ከምን እንደተሠራ ይታይ። ፊልም የሚሠራው አሴቴት ወይም ፖሊስተር ከሚባሉ ፕላስቲኮች ነው፤ ሙጫው አሴቴትን አሟሙቶ ያዋህዳል፤ ፖሊስተርን ግን ንክች አያደርገውም። ሲንግል 8 የሚባለው የፉጂ ኩባንያ የ8 ሚሊሜትር ፊልም ፖሊስተር ነው። ጥቅሉን በጎኑ በኩል ወደ መብራት አቅኑት፤ ብርሃን ካሳለፈ ፖሊስተር ስለሆነ ቴፕ ብቻ ነው መፍትሔው። ተራ ስኮች እንዳትለጥፉ! ማጣበቂያው እየፈሰሰ ከላይና ከታች ያለውን ዙር ያጣብቃል።

መልስ 3፦ ቴፑ በሁለቱም ገጽ ይለጠፍ፤ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ መጋጠሚያው እንደ ማጠፊያ እየታጠፈ በፕሮጀክተሩ በር፣ ማለትም ፊልሙ በመብራቱ ፊት በሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይሰነቀራል። በፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገባውን የመቀጠያዋንም ጥርስ እይ። እ.ኤ.አ. በ1932 የመጣው መደበኛ 8 ቀዳዳው ሁለት ምስሎች በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው፤ የ1965ቱ ሱፐር 8 ግን ቀዳዳው አነስ ብሎ ከምስሉ መሃል ትይዩ ነው። ሁለቱንም ዓይነት ጥርስ የያዙ መቀጠያዎች አሉ።

ጠያቂ፦ ጥቅሉ ብርሃን አያሳልፍም። እንግዲያው ሞረዷና አዲስ ሙጫ።