በዋይፋይና በ4ጂ መሃል የሚዋልል ታብሌት፦ ገደቡን እንዴት ላስተካክል?

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው ግቢ ውስጥ ለሚዘዋወሩ የአንድሮይድ ታብሌቶች ኔትወርክ የሚመርጥ ፕሮግራም ላይ ተጣብቄያለሁ። በየ2 ሰከንዱ የሲግናል ጥንካሬ፣ የፒንግ (መልስ ይመጣ እንደሆነ ለማየት የሚላክ አጭር መልእክት) መዘግየት፣ የጠፋ ፓኬት (በመንገድ የቀረ የዳታ ቁራጭ)ና የባትሪ መጠን ይለካል፤ እያንዳንዱን በክብደቱ አባዝቶ ይደምርና ነጥቡ የበለጠውን ይይዛል። ከዚህ በተጨማሪ የሲግናል ገደብ አለው፦ ከዋይፋይ መውጫው -75፣ መመለሻው -72 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ 0 በቀረበ ቁጥር ይጠነክራል)።

ጣጣው ግድግዳው ጥግ ላይ ነው። እዚያ በአንድ ደቂቃ 6 ጊዜ ይገላበጣል። የ5 ልኬት አማካይ ስወስድ መገላበጡ ቆመ፤ ግን አማካዩ እስኪወርድ 10 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው እስከዚያ 12 ሜትር ሄዶ ከግድግዳው ጀርባ ገብቷል፣ የድምፅ ጥሪውም ተቋርጧል። የመውጫውንና የመመለሻውን ልዩነት 10 ዴሲቤል ሳደርገው ደግሞ 4ጂ ላይ ሙጭጭ ብሎ የዳታ ፓኬጁን ይጨርሳል።

ሌላም የምጠረጥረው አለ። መለኪያዎቹን በትንሹና በትልቁ መካከል ወደ 0 እና 1 አመጣቸዋለሁ፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ አንዱ ሁሌም 0፣ ሌላው 1 ያገኛል። የ2 ሚሊሰከንድ ብልጫ ከ200 እኩል ተቆጠረ ማለት ነው! ቋሚ ወሰን፣ ለምሳሌ ከ20 እስከ 300 ሚሊሰከንድ፣ ባደርግ ይሻላል?

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) በባትሪ ስለሚሠራ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ዋናው ራውተር ግን ሞቷል። ስንት ተከታታይ ፒንግ ሲወድቅ ነጥቡን ሳልጠብቅ ዋይፋዩን ልቁረጥ?

የአይፒ አድራሻ መቀየሩን በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም) ሸፍኜዋለሁ፤ እሱን ተዉት።