ፍል ውሃው በቧንቧ ይግባልን ወይስ ጋዙ ይሻለናል?

ሰላም፦ እንዴት ዋላችሁ ቤተሰብ። ከሙኒክ ወጣ ያላችሁ ደብዳቤው ደርሷችኋል መቼም፣ ከመሬት ስር ፍል ውሃ አውጥተን ቤታችሁን እናሙቅላችሁ ትፈርማላችሁ ወይ ይላል። እኔ ልፈርም ነው። በፈረንጆቹ 2022 ጋዝ ሲወደድ ሃይሱንጉን (የቤት ማሞቂያውን) ዘግቼ ልጆቹን በጋቢ ጠቅልዬ ነው ዊንተሩን የገፋሁት

ቢኒ፦ ኧረ አትቸኩይ! ስታውፈን የምትባለው የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከተማ በ2007 ማዘጋጃ ቤታቸውን ሊያሞቁ ብለው 140 ሜትር ቆፈሩ፣ ውሃ ገባበትና ድንጋዩ ጄሶ ሆኖ አበጠ፣ መሬቱ ከፍ አለ ስንቱ ቤት ተሰነጠቀ። ሄጄ አይቻለሁ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ

ዮናስ፦ ቢኒ አታምታታ፣ እሱ ለሂት ፓምፕ (የመሬቱን ሙቀት በኤሌክትሪክ ለሚስብ ማሽን) የተቆፈረ ነው ድንጋዩም ሌላ ነው። እዚህ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወርደው ኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው የሚያወጡት፣ ሙኒክ አጠገብ ያለችው ኡንተርሃኪንግ ከ2007 ጀምሮ 122 ዲግሪ እያወጣ ነው። ውሃው ሙቀቱን ለሌላ ውሃ ያስረክብና በሁለተኛው ጉድጓድ ተመልሶ ይገባል። ቤት የሚገባው የኪችን ቁምሳጥን የምታክል ሳጥን ናት፣ ስንቱን ገጥሜያለሁ፣ እሳት የላት ጭስ የላት

ጋሽ መኮንን፦ እኔ ደግሞ እንደ ፍልውሃ ልታጠብበት ነበር 😂

ዮናስ፦ ጋሼ እርስዎማ እዛው አዲስ አበባ ይሂዱ

ቢኒ፦ ፖይንግስ? እሷም ሙኒክ አጠገብ ፍል ውሃ የሚወጣባት ናት፣ በ2016ም በ2017ም ተንቀጥቅጧል

ዮናስ፦ አዎ እሱን አልክድም፣ የመንቀጥቀጡ መጠን 2 ነጥብ ምናምን ነው ግን ሰው ደንግጧል

ሄለን፦ እናንተ ድንጋይ ላይ ተጣሉ፣ እኔን ያሳሰበኝ ውሉ ነው። የጋዝ ሻጭ ካስቀየመኝ ሌላ እይዛለሁ፣ ይሄ ግን ቧንቧው አንድ ሻጩ አንድ፣ ውሉ ደግሞ እስከ 10 ዓመት ሊያስር ይችላል። የዋጋ ፎርሙላውን አንብቡት፣ ውስጡ የጋዝ ኢንዴክስ (የጋዝን ገበያ ዋጋ የሚከተል ቁጥር) አለ። ውሃው ከመሬት እየመጣ ጋዝ ሲወደድ አብሮ የሚወደደው ለምንድነው?

ዮናስ፦ ብርዱ ሲጠና በጋዝ ቦይለር ይደጉሙታል፣ ህጉም የገበያውን ዋጋ አስገቡ ይላል። ግን ድርሻው ስንት ፐርሰንት ነው የሚለው ያከራክራል፣ ልክ ነሽ

ትዕግስት፦ እኔ ተከራይ ነኝ፣ ወሳኙ ባለቤቱ ከፋይዋ እኔ 🙄

ሰላም፦ በቃ እስክሪብቶውን አስቀምጫለሁ። ማክሰኞ ማታ ስብሰባ አለ፣ ሄሉዬ ጀርመንኛው ላንቺ ይቀናሻል አብረን እንሂድ፣ ያቺን የጋዝ ነገር አንቺ ጠይቂልኝ