በክረምት በሰሜን ተራሮች ለመጓዝና ለመሮጥ ምክር እሻለሁ

የተራራ ጉዞ ልምድ ያላችሁ ወገኖች ትረዱኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምኖረው በስዊድን ሲሆን የዓመት ፈቃድ የማገኘው በሐምሌ ወር ብቻ ነው፤ እዚህ በጋ ሲሆን አገር ቤት ክረምት መሆኑ ዕቅዴን አሰናክሎብኛል። ሐሳቤ ከደባርቅ ተነሥቼ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የድንኳን መስፈሪያዎች በኩል፣ ከፊሉን በእግር ከፊሉን በሩጫ፣ በ7 ቀናት ራስ ደጀን መድረስ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ጉሙ ነው። ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ የሚወስደው መንገድ በብዙ ቦታ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ መሬቱ በጭቃ ሲያዳልጥና ፊት ለፊት ያለው ሳይታይ በዚያ መሮጥ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ይመስለኛል። ከቧሂት ተራራ ወርዶ ወደ አምቢቆ መንደር ለመሄድ የሚያጋጥመው የመሸሃ ወንዝም በዝናብ ይሞላል፤ በማለዳ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይጀምር ቢደርሱበት በደኅና መሻገር ይቻላልን? በበቅሎ የሚያሻግር ሰውስ በሐምሌ ይገኛልን?

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አብሮ መጓዙም ግዴታ ነው። እርሱን በሩጫ ማድከም ተገቢ ስላልሆነ፣ ምናልባት ጨነቅ ላይ ሰፍሬ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ያለውን ከፍታ ሰውነቴ እስኪለምድ ሁለት ቀን ዐርፌ፣ ከዚያ በቅርብ ርቀት ብቻ ብሮጥ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የአካባቢውን የወቅቱ ጸጥታ በቅርብ የምታውቁ ደግሞ፣ ጉዞው ጨርሶ የማይመከር ከሆነ ሳትሸሽጉ ንገሩኝ፤ የአውሮፕላን ትኬቱን ከሰኔ አጋማሽ በፊት መቁረጥ ይኖርብኛል።