የለንደኑ ዊንድሚል ቲያትር፦ ሴቶቹ ለምንድን ነው የማይነቃነቁት?

የቱሉ ዲምቱ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዩቲዩብ ላይ ስለ ዊንድሚል ቲያትር አየሁ። ሴቶቹ ራቁታቸውን መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ግን ንቅንቅ የለም። የሚጨፍሩት የለበሱት ናቸው። ታሪኩን የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ደግሞ እንዳትስቁብኝ፣ የምሬን ነው።

ሰብለ ከሰበታ
ነገሩ የሳንሱር ጣጣ ነው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ የመድረክ ሥራ ሁሉ ሎርድ ቻምበርሌይን በሚባለው ባለሥልጣን ፈቃድ ነበር የሚያልፈው። ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1931 ቲያትር አድርገው የከፈቱት ላውራ ሄንደርሰን የሚባሉ ሀብታም ባልቴት ናቸው። ገበያው አልያዘም። በ1932 ከሥራ አስኪያጁ ቪቪያን ቫን ዳም ጋር ሆነው ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ ትርዒት ጀመሩ፣ ራቁት ሴቶችም ገቡበት። ክርክራቸው ምን መሰለህ? ራቁት ሐውልት ብልግና ካልተባለ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ለምን ትባላለች! ሳንሱሩም ተቀበለ። ከተነቃነቀች ግን አለቀ። እኔ ግን የሚገርመኝ የልጆቹ ጽናት ነው፤ እስቲ አንተ መብራቱ ፊትህ ላይ እየነደደ፣ ያ ሁሉ ወንድ አፍጥጦብህ፣ ሳታስነጥስ ቁም።

ጋሼ ነኝ
ልጄ፣ ዋናውን ረሳሽው። በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ላይ ቦምብ እየወረደ ቤቱ ይሠራ ነበር። የተዘጋው በ1939 ሴፕቴምበር መንግሥት ቲያትሮችን በሙሉ ሲዘጋ ብቻ ነው፣ ያውም ለ12 ቀን። «ተዘግተን አናውቅም» ይሉ ነበር በኩራት። እኛም በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲደርስ በር ተቆልፎብን እስኪነጋ ስንጨፍር ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ይገባኛል። ራቁቱ ግን አልነበረም፤ ሳንሱሩስ ለዘፈን ግጥም እንኳ መች ተኝቶልን።

ቀዳዳ ፈላጊ
ዊንድሚልን የገደለው ጎረቤቱ ነው። እዚያው ሶሆ በሚባለው የለንደን ሰፈር ውስጥ ፖል ሬይመንድ በ1958 ሬይመንድ ሬቪውባርን ከፈተ። ቤቱን የአባላት ክለብ አደረገው። የግል ክለብ ስለሆነ ሳንሱሩ አይደርስበትም፣ ሴቶቹ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ታዲያ ሐውልት ለማየት ማን ይከፍላል? ዊንድሚል በ1964 ተዘጋ። ሳንሱሩ ራሱ በ1968 በሕግ ተሻረ። አራት ዓመት ቢታገሡ ኖሮ እላለሁ፣ ግን ያኔም ሬይመንድ የሚቀድማቸው ይመስለኛል። ሰውዬው በኋላ የሶሆን ቤትና ሕንፃ እየገዛ ከአገሪቱ ቱጃሮች አንዱ ሆነ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ
እናመሰግናለን! እዚያ ኮሜዲያንም ይሠሩ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?

ሰብለ ከሰበታ
አዎ፣ ፒተር ሴለርስና ቶኒ ሃንኮክ እዚያ ሠርተዋል። በሴቶቹ ትርዒት መሃል ነው የሚገቡት። የፊት ወንበር ሲለቀቅ ከኋላ ያለው ወንድ ሁሉ በመቀመጫው ላይ እየዘለለ ይሮጣል፣ እነሱ ደግሞ በዚያ ግርግር ቀልድ ያወራሉ። ማን ይስቅላቸዋል?

ጋሼ ነኝ
እዚያ ያሳቀ የትም ያስቃል።