ሞርፊን ሲለመድ ኬታሚን ይመልሰዋል? የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር አጋጆች ጉዳይ

ፋርማሲ_ክፍል
ሰላም ለሁላችሁ። 60 ኪሎ የሚመዝን የካንሰር ታካሚ በቀን 60 ሚ.ግ. የሚዋጥ ሞርፊን ጀምሮ አሁን 240 ሚ.ግ. ደርሷል፤ ሕመሙ ግን አልተገታም። የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተርን (በነርቭ ሴል ላይ ያለ፣ የሕመም መልእክት የሚያጎላ ተቀባይ) የሚያግዱ መድኃኒቶች ቶለራንስን (ሰውነት መድኃኒቱን ለምዶ ውጤቱ መቀነሱን) ይቀንሳሉ ይባላል። ከእነዚህ ማደንዘዣው ኬታሚን አለ፤ ደክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕም አለ። የትኛው ይሻላል? በምን መጠን?

ማደንዘዣ_7
መጀመሪያ ነገሩ በእርግጥ ቶለራንስ መሆኑን ለዩ። ሕመሙ በቦታውም በዓይነቱም ያው ሆኖ፣ ዶዝ ሲጨመር ለጊዜው ተሽሎት እንደገና ከተመለሰ ቶለራንስ ነው። አዲስ ቦታ ላይ ከጀመረ በሽታው እየገፋ ነው፤ ምርመራ ይደገም። ሞርፊን በተጨመረ ቁጥር ሕመሙ ከባሰና ከተስፋፋ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ካመመው፣ ሞርፊኑ ራሱ ሕመም እያባባሰ ነው። ያኔ መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞርፊን የሚሠራው ሚዩ በሚባለው ሪሴፕተር ላይ ነው። ደጋግሞ ሲቀሰቅሰው በነርቭ ሴሉ ውስጥ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የሚባል ኤንዛይም ይነቃና የኤንኤምዲኤን ቀዳዳ የደፈነውን ማግኒዥየም እንዲለቅ ያደርገዋል። በዚያ ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየሙ ደግሞ ያንኑ ካይኔዝ ይበልጥ ያነቃዋል፤ ሚዩም እየደከመ ይሄዳል። ትሩሂዮና አኪል እ.ኤ.አ. በ1991 የኤንኤምዲኤ አጋጅ የሆነውን ኤምኬ-801ን ከሞርፊን ጋር ለአይጦች ሰጥተው ቶለራንሱ እንዳይፈጠር መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። ልብ በሉ፤ አብሮ ከመጀመሪያው ሲሰጥ ነው። የተፈጠረውን መመለስ ሌላ ነገር ነው።

(ናሎክሶንም «አጋጅ» ይባላል፤ እሱ ግን ሚዩን ራሱን ስለሚዘጋ ሕመሙን ይመልሰዋል። አይምታታ።)

የኬታሚን ማስረጃ የሚጠነክረው ኦፒዮይድ (ሞርፊንና መሰሎቹን) የለመደ ሰው ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ጥናት፣ ሲደነዝዙ 0.5 ሚ.ግ. በኪሎ፣ ቀጥሎ በደቂቃ 10 ማይክሮግራም በኪሎ ተሰጥቷቸው በ48 ሰዓት የወሰዱት ሞርፊን በ37 በመቶ ቀንሷል። በካንሰር ሕመም ላይ ግን አውስትራሊያ ውስጥ 185 ታካሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሙከራ ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ቃል አትግቡለት፤ ሞክራችሁ ለውጥ ካላያችሁ አቁሙ።

መጠን፦ በሰዓት 0.1 ሚ.ግ. በኪሎ ጀምሩ፤ ለ60 ኪሎ 6 ሚ.ግ. ነው። 50 ሚ.ግ./ሚሊ ከሆነው ብልቃጥ 1 ሚሊ ወስዳችሁ 49 ሚሊ ኖርማል ሳላይን ጨምሩ፤ በሰዓት 6 ሚሊ። ብልቃጡ 10 ሚ.ግ./ሚሊ ከሆነ 5 ሚሊ በ45 ሚሊ። ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ መለያውን ሳያነቡ መቅዳት አምስት እጥፍ ያጎድላል ወይም ያበዛል። ፓምፕ ከሌለ መርፌው በጭማቂ በአፍ ይጠጣል፦ ከ10 እስከ 25 ሚ.ግ. በቀን ሦስት ጊዜ፣ መራራ ነው።

ሕመሙ ሲረግብ የድሮው ሞርፊን ይበዛበታል፤ እንቅልፍ ከተጫነው ሞርፊኑን ከሲሶ እስከ ግማሽ ቀንሱ፤ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ቅዠት ከመጣ ኬታሚኑን አሳንሱ፤ ካልበቃ ቅዠት የሚያረጋጋውን ሃሎፔሪዶል በትንሹ። ደም ግፊቱ ያልተስተካከለ ወይም ሳይኮሲስ ላለበት አትስጡ።

ክሊኒካል_ፋርማ
ሽሮፑን ተዉት። ሞርፊንና ደክስትሮሜቶርፋንን እኩል ለእኩል የቀላቀለ ሞርፊዴክስ የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ ሙከራዎች ከሞርፊን ብቻው አልበለጠም፤ ገበያም አልወጣም። አይጥ ላይ የሠራ ሰው ላይ ላይሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። በዚያ ላይ ሽሮፑ ፓራሲታሞልና ክሎርፌኒራሚን ሊኖረው ይችላል፤ ከትራማዶል ወይም ከፍሉዎክሴቲን ጋር ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ ያልፋል፦ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደክስትሮሜቶርፋንን ጉበት ውስጥ የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት የዚህ ኤንዛይም ዘረመል ቅጂ የተደራረበባቸውን ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ አድርሷቸዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መጠን በሁሉ ላይ እኩል አይሠራም። ኮዴይንና ትራማዶልም በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሚጠበቀው በላይ ሊበረቱ ይችላሉ።

ፋርማሲ_ክፍል
እናመሰግናለን። ሌላው ኦፒዮይድ ሜታዶንስ? እሱም ኤንኤምዲኤን ያግዳል ይባላል።

ክሊኒካል_ፋርማ
አዎ፣ ያግዳል። ለዚህ ታካሚ፣ ካገኛችሁት፣ እኔ ከኬታሚን በፊት የማስበው እሱን ነው። ግን ልወጣው ቀጥታ አይደለም፤ የቀድሞው ሞርፊን በበዛ ቁጥር ሜታዶኑ በንጽጽር ያንሳል፦ ከ90 ሚ.ግ. በታች 4 ለ1፣ ከ90 እስከ 300 ደግሞ 8 ለ1፣ ከዚያ በላይ 12 ለ1። 240 ለ8 ሲካፈል 30 ሚ.ግ. በቀን፤ 10 ሚ.ግ. በየ8 ሰዓቱ። ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም አደጋው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው፣ በአራተኛው ነው፤ ከ5 ቀን በፊት ዶዝ አትጨምሩ። ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ኢሲጂ ይነሣ፤ ኪውቲሲ (ኢሲጂው ላይ የሚለካ የልብ ኤሌክትሪክ ጊዜ) ከ500 ሚሊሴኮንድ ካለፈ አይሰጥም። ፖታሲየሙም ይታይ፤ የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ታካሚ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው።